የእብድ ውሻ ክትባት ለምን አጠረ?

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ ውሻ ነክሶኝ ሆዴን በየቀኑ ስወጋ ሰነበትኩ። ዘንድሮ ልጄ ስትነከስ ክንዷን ጥቂት ጊዜ ብቻ ወጓት። ይበቃታል? (ከጅጋ)

መልስ፦ ቀጠሮዋን ሳታጓድል ከጨረሰች ይበቃታል። እርስዎ የተወጉት እዚሁ አገራችን፣ በቀድሞው ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ በዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሲመረት የኖረው ዓይነት ይመስለኛል። ቫይረሱ በበግ አንጎል ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ በፌኖል ይገደላል። የስንቱን ነፍስ አትርፏል! ግን አቅሙ ደካማ ስለሆነ በተከታታይ ከ14 ቀን ያላነሰ መወጋት ያስፈልጋል። አብሮት የሚገባው የአንጎል ህዋስ ደግሞ አልፎ አልፎ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ እንዲያጠቃ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር የመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲሱ የሚሠራው ቬሮ በሚባሉ፣ በቤተ ሙከራ በሚያድጉ የጦጣ ኩላሊት ህዋሳት ላይ ነው። ከአንጎል ህዋስ የጸዳና ጠንካራ በመሆኑ አራት ወይም አምስት መርፌ ይበቃል።

ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን አስተማማኝ መድኃኒት ዛሬም የለም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ ሳትከተብ፣ በሰመመን ተይዛ ታክማ ተርፋለች፤ ዘዴው በሌሎች ላይ ሲሞከር ግን እምብዛም አልሠራም። ስለዚህ የሐበሻ መድኃኒት ፍለጋ የሚባክነው ቀን በጣም ያሳዝነኛል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን ያፈርሳል። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ይሂድ። ቁስሉ ከደማ፣ ቁስሉ ላይ የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካልም እንደሚያስፈልገው ባለሙያውን ይጠይቅ።