ርካሹ ጀልባ ስንት ያወጣል?

ያገለገለ የፋይበርግላስ ጀልባ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራና ስሌት

በአሜሪካ ምሥራቃዊም ሆነ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደሚገኝ የጀልባ ማቆሚያ ጎራ ያለ ሰው፣ «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባዎች ማየቱ አይቀርም። የብዙዎቹ ዕድሜ ከ40 ዓመት በላይ ነው። የአንዳንዶቹ ዋጋ ከአንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ ያንሳል። እንዲያውም «በነፃ ውሰዱልኝ» የሚል ባለቤትም ይገኛል። ዋጋው ይህን ያህል ከወረደ ገዢ ለምን አይሻማም? መልሱ አጭር ነው። በዚህ ገበያ የመግዣ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ነው።

የማይበሰብስ ዕቃ

ነገሩ የሚጀምረው ከዕቃው ጠባይ ነው። የእንጨት ጀልባ እንክብካቤ ካጣ በስብሶ በራሱ ጊዜ ከገበያ ይወጣል። ፋይበርግላስ ግን በሙጫ ተነክሮ የደረቀ የመስተዋት ክር በመሆኑ እንደ እንጨት አይበሰብስም። ካርል አልበርግ የነደፈው ትራይተን የተሰኘ ባለ 28 ጫማ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1959 በኒውዮርክ የጀልባ ትርዒት ቀርቦ ከ700 በላይ ተመርቷል፤ ዛሬም ከእነዚሁ መካከል የሚንሳፈፉ አሉ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ካታሊና 30 የሚባለው ሞዴል ብቻውን ከ6,000 በላይ ተሠርቷል። አሮጌው ሳይጠፋ አዲሱ ይጨመራል። አቅርቦቱ ሲከማች ዋጋው ይወርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የመረጃ ጉድለት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ያገለገለ መኪና በሚሸጥበት ገበያ ሻጩ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። በመሆኑም ገዢው ለሁሉም ዕቃ የጥርጣሬ ዋጋ ይሰጣል። በጀልባም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የጀልባ ጉድ ከቀለም ሥር ብቻ ሳይሆን ከውሃም በታች መደበቁ ነው። በአዲስ አበባ መኪና ሲገዛ ስቱኮ የተለቀለቀበትን ቦታ በጣቱ እያንኳኳ የሚፈልግ ሰው፣ ቀጥሎ ያለው ምርመራ እንግዳ አይሆንበትም።

ከላይ ወደ ታች

መጀመሪያ መታየት ያለበት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የላይኛው ወለል ነው። ይህ ወለል በአብዛኛው በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ የተቀበረበት ነው። ፋይበርግላሱ ባይበሰብስም እንጨቱ ይበሰብሳል። ውሃ የሚገባው መደገፊያ ብረቶችና የገመድ ማሰሪያዎች በታሰሩባቸው የብሎን ቀዳዳዎች በኩል ነው። መርማሪው በፕላስቲክ መዶሻ ወለሉን እያንኳኳ ይሄዳል። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሲረገጥ ስምጥ የሚል ወለል ካለ ጥያቄው አብቅቷል። ጥገናው ንጣፉን ቆርጦ እንጨቱን አውጥቶ መተካት ስለሆነ የሥራው ሰዓት ብዙ ነው።

ሁለተኛው ተራዳውና ተራዳውን ወጥረው የያዙት የሽቦ ገመዶች ናቸው። የማይዝግ ብረት ይባሉ እንጂ አየር በማያገኙበት ጠባብ ቦታ እርጥበት ሲይዛቸው ከውስጥ ይበላሉ። በተለይ ሽቦዎቹን ከጀልባው አካል ጋር የሚያያይዙት ብረቶች በወለሉ ውስጥ አልፈው ስለሚገቡ የሚሰነጠቁት ከዓይን በተሰወረው ክፍላቸው ነው። አንዱ ብረት ቢበጠስ ተራዳው ሊወድቅ ይችላል። ሽቦዎቹ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካገለገሉ እንዲቀየሩ ይመከራል። ሻጩ መቼ እንደቀየራቸው በደረሰኝ ማሳየት ካልቻለ፣ እንዳልተቀየሩ ቆጥሮ ማስላት ይሻላል።

ሦስተኛው ከውሃ በታች ያለው አካል ነው። ይህን ለማየት ጀልባው በክሬን መውጣት አለበት። ውሃ ቀስ በቀስ የውጪውን ልባስ አልፎ ሲገባ፣ ከሙጫው ውስጥ ከሚሟሟ ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ እንደ ቃጠሎ ቁስል የቋጠረ እብጠት ይፈጥራል። ጥቂት እብጠት ጀልባ አያሰምጥም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው። መላውን አካል ያዳረሰ ከሆነ ልባሱን ልጦ፣ ለወራት አድርቆ፣ በኢፖክሲ መልሶ መልበስ ይጠይቃል። ከሥር የተንጠለጠለው ከባድ ብረት ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ስንጥቅ ካለም ሊታለፍ አይገባም። በካታሊና ባለቤቶች ዘንድ ይህ ስንጥቅ «ፈገግታ» ይባላል። አንዳንዱ የመሙያው ስንጥቅ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን ብሎኖቹ መላላታቸውን ወይም መበላታቸውን ይናገራል። ለይቶ ማወቅ የባለሙያ ሥራ ነው።

አራተኛው ሞተሩ ነው። ገዢው ሲደርስ ሞተሩ ሞቆ ከቆየው፣ ሻጩ በብርድ እንዳይነሳ የፈራው ነገር ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሳ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ መግባቱን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ምልክት ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጀልባዎች ላይ የሚገኘው አቶሚክ 4 የተባለው ሞተር በቤንዚን የሚሠራ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከጀልባው ሆድ ውስጥ ይከማቻል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። አየር የሚያስወጣው ማራገቢያ መሥራቱን ሳያረጋግጡ ቁልፍ መንካት ለሕይወት አደገኛ ነው። ሞተሩን በአዲስ ናፍጣ ሞተር ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብም ከጀልባው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ወረቀቱና ደላላው

ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 1972 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ጀልባ ከኋላው ላይ የተቀረጸ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ሊኖረው ይገባል። ይህ መለያ በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ጀልባው በፌዴራል ደረጃ በባሕር ጠረፍ ጥበቃ መዝገብ ከገባ፣ የተመዘገበ የባንክ ዕዳ እንዳለበት ከመዝገቡ ግልባጭ ማወቅ ይቻላል። የቀድሞ ባለቤት ዕዳ ከጀልባው ጋር ሊከተል ስለሚችል፣ መኪና ሲገዛ ሊብሬ እንደሚጣራ ሁሉ ይህም መጣራት አለበት።

በተለመደው አሠራር ገዢው ከዋጋው 10 በመቶ የሚሆን ቀብድ ያስይዛል፤ ውሉም በባለሙያ ምርመራና በውሃ ላይ ሙከራ ውጤት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ይህ ቃል በውሉ ካልተጻፈ ቀብዱን ማስመለስ ያስቸግራል። የደላላው ኮሚሽን ከሽያጩ የሚቆረጥ በመሆኑ ሽያጩ ካልተፈጸመ ደላላው አያገኝም። ስለዚህ መርማሪውን መምረጥም መክፈልም ያለበት ገዢው ራሱ ነው። ክፍያው በጫማ የሚሰላ ሲሆን በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ዶላር ገደማ ነው። የክሬኑ ኪራይም የገዢው ነው።

ስሌቱ

ለማስረዳት ያህል አንድ ባለ 30 ጫማ ጀልባ 9,000 ዶላር ተጠየቀበት እንበል። ተመሳሳዩ በጥሩ ይዞታ ላይ ሲሆን 16,000 ያወጣል። ለምርመራና ለክሬን 1,150 ዶላር ተከፈለ። ውጤቱ ሲመጣ ሽቦዎቹን መቀየር 4,500፣ ሸራዎቹ 4,000፣ የወለሉ ጥገና 5,000፣ በድምሩ 13,500 ዶላር ሆነ። ጥገናው እስኪያልቅ የማቆሚያ ኪራይ 800 ይጨመር። ከ16,000 ላይ እነዚህ ሲቀነሱ የሚቀረው 1,700 ዶላር ነው። ገዢው ሊከፍል የሚገባው ከፍተኛ ዋጋም ይኸው ነው።

ሻጩ የምርመራውን ወረቀት አይቶ ወደ 4,000 ወረደ እንበል። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «5,000 ዶላር አስቀነስኩ፤ ለምርመራም 1,150 አውጥቻለሁ፤ አሁን ብተወው ገንዘቤ ውሃ በላው» ይላል። ነገር ግን 1,150ው ቢገዛም ባይገዛም አይመለስም። በውሳኔው ውስጥ ቦታ የለውም። ሊታይ የሚገባው ከዚህ በኋላ የሚወጣው ነው፦ 4,000፣ 13,500 እና 800፣ በድምሩ 18,300 ዶላር። ዕቃው የሚያወጣው 16,000 ነው። 1,150ውን ላለማጣት ሲል ሌላ 2,300 ዶላር ይጨምራል ማለት ነው።

ገዢው ጥገናውን በእጁ መሥራት የሚችልና የሚወድ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ የሥራው ሰዓት ለእሱ መዝናኛ እንጂ ወጪ አይደለም። በገንዘብ ለሚያሠራ ሰው ግን አይለወጥም። «በነፃ» የሚባለው ጀልባም ቢሆን እንዲሁ መታየት አለበት። የማቆሚያው ኪራይ በየወሩ ይቆጥራል፤ ፋይበርግላስ ስለማይበሰብስም በመጨረሻ ማስወገጃው ራሱ ክፍያ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰጥ ሰው ዕዳውን እያስተላለፈ ሊሆን ይችላል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተፈረመ ውል መዘዙ ብዙ ነው። ከምርመራ በኋላ 1,150 ዶላር ከስሮ ባዶ እጁን የተመለሰ ገዢ እንደተሸነፈ ሊቆጠር አይገባም። ለመረጃ ከፍሎ መረጃውን አግኝቷል፤ የሚሸጠውም ጀልባ ያ አንዱ ብቻ አይደለም።