ለገርጂ ሰፈር የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ዝግጅት

ከቦብ ማርሊ አደባባይ በየቀኑ ታክሲ የሚይዙ የሰፈራችን ልጆች ሰውየውን በድሬድሎኩ ይለዩታል። ከኢትዮጵያ ጋር ምን እንዳገናኘው ግን የሚነግራቸው ሰው ብዙ አይደለም። ገርጂ ውስጥ ካፌ ያላችሁ፣ የምታስተምሩ ወይም በዕድር ኮሚቴ የምታገለግሉ ሰዎች ይህን ክፍተት በአንድ ምሽት ዝግጅት መሙላት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት ርዕሱን አጥብቡት። ከዓድዋ ተነሥታችሁ እስከ ማንዴላ ልትደርሱ ካሰባችሁ ታዳሚው ስልኩን አውጥቶ መነካካት ይጀምራል። አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይ ይበቃል። እኔ ብሆን ከማርሊ ታሪክ የምመርጠው አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉትን ንግግር ነው። ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ዋር» የተባለው ዘፈን ግጥሙ የተወሰደው ከዚያ ንግግር ነው። ንግግሩን ድምፁ ጥርት ያለ ተማሪ በአማርኛ ያንብበው፤ ወዲያው ዘፈኑን አሰሙ። ረጅም ማብራሪያ አትጨምሩበት። ቀጥሎ በ1997 ዓ.ም ጥር ላይ የማርሊ ስድሳኛ ዓመት ልደት በመስቀል አደባባይ ሲከበር እዚያ የነበረ ጎረቤት ፈልጋችሁ ያየውን እንዲያወራ አድርጉ። ከሻሸመኔ ራስ ተፈሪያንን ከጋበዛችሁ መጓጓዣና ማረፊያቸውን ሸፍኑ፤ የመናገሪያ ሰዓትም ስጧቸው። ለፎቶ ማድመቂያ ብቻ መጥራት ነውር ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ጆን ሮቢንሰን አለላችሁ። ገርጂ የኤርፖርት ጎረቤት ስለሆነች ይህ ታሪክ ለሰፈሩ ሰው ቅርብ ነው። ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም ከአሜሪካ መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን ትንሽ አየር ኃይል የመራ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከድል በኋላም ተመልሶ ወጣቶችን በረራ አስተምሯል። በ1946 ዓ.ም በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ጡረታ የወጣ አብራሪ ወይም የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ በመካከላችሁ ካለ ጋብዙት። ስለ ሮቢንሰን ሊቅ እንዲሆን አትጠብቁበት፤ በዚያ ዘመን በነበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ተራራማ አገር ላይ መብረር ምን እንደሚጠይቅ ከነገራችሁ ብዙ ነው።

ግድግዳ ላይ የምትለጥፉትን ጽሑፍ ግን ደግማችሁ አጣሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ሮቢንሰን እንደመሠረተ አድርጎ የሚያወራ አይጠፋም። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም የተቋቋመው ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የሰውየው እውነተኛ ሥራ በቂ ክብር ነውና ማጋነን አያስፈልገውም። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሣ በሁለት መስመር ጻፉ፤ ፊደሉ ሽማግሌ ቆሞ የሚያነበው ያህል ይተልቅ። ፎቶና ሙዚቃ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቁ ናቸው። ስለዚህ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ከማተማችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

ቀኑን ስትቆርጡ የማርሊ ልደት የሚውልበት ጥር የሠርግ ወር መሆኑን አትርሱ። ቅዳሜና እሑድ ድንኳን፣ ወንበርና ስፒከር በቀላሉ አይገኝም፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብታደርጉት ይሻላል። ወንበሩን ከዕድራችሁ ተዋሱ፤ የዕድሩ ሽማግሌዎችም አብረው ይመጣሉ፣ ገርጂ ገና እርሻ ሳለች የሚያስታውሱትም እነሱ ናቸው። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ከማን እንደሚገኝ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ካፌ ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ደጅ ላይ ሕዝብ የምትሰበስቡ ከሆነ ግን ማሳወቅ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፤ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ለሰላማዊ ሰልፍና ለሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። እኔ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ በወረዳው በኩል እንድትጀምሩ እመክራለሁ፤ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ እስኪዞር ጊዜ ይፈጃል።

ተናጋሪዎቹ ሲያወሩ አንድ ሰው ፈቃዳቸውን ጠይቆ በስልክ ይቅረጽ። ቅጂውን በፍላሽ ገልብጣችሁ፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡ።