በፕሮግራም ላይ ስለሚቀጠል ፕሮግራም፤ ፈቃዱና ጥበቃው

በሀገራችን ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ዓመት ያገለገሉት ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ራሳቸውን ችለው የቆሙ የጽሑፍ ማዘጋጃዎች አይደሉም፤ በዊንዶውስ ላይ ተቀጥለው ለወርድና ለመሰሎቹ ፊደላችንን የሚያበድሩ ናቸው እንጂ። ለሽያጭ የተሰናዱ ሥራዎች ቢሆኑም ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ በሲዲና በፍላሽ እየተቀዱ ነው የተስፋፉት። ገዝቶ የጫነ ሰው እንደ ሞኝ የሚታይበት ጊዜ ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ኤክሴል የሚያስገባ ተቀጥላ ጽፎ ለቡታጅራ ነጋዴዎች ሊሸጥ ቢያስብ፥ ሥራው የማን እንደ ሆነ፥ ገዢው ምን እንደ ተፈቀደለትና ሳይገዛ የሚቀዳው በምን እንደሚታገድ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ደራሲ መብት ሲደነግግ ኮምፒዩተርን አያነሣም፤ መቼስ በዚያን ጊዜ ማን ሊያነሣው! የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ከመጽሐፍ ጋር በአንድ ረድፍ አቁሞታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተጽፎ ሲቀመጥ መብቱም ያን ጊዜ ይወለዳል፤ ማስመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም። ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት ይዘልቃል። ለግል መገልገያ መቅዳትን የሚፈቅደው ድንጋጌ ደግሞ የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ለይቶ አስወጥቶታል፤ በሕግ ያገኘው ሰው ግን ለመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ተፈቅዶለታል። «ለራሴ ብዬ ነው የቀዳሁት» የሚለው መልስ እንግዲህ አያዋጣም።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ ነው፤ ሐሳቡን አይደለም። ባለ 30 ቀን 12 ወርና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን የማንም የግል ርስት አይደሉምና፥ ጎረቤታችን ከራሱ አእምሮ አፍልቆ ያንኑ የሚያሰላ ተቀጥላ ቢጽፍ ልንከሰው አንችልም። በፓተንት እናጥረው ብንልም አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች ጋር ቆጥሮታል።

ተማሪውን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሌላ ነው። በተቀጣሪነት ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፥ ውሉ ሌላ ካላለ፥ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። አንድ የወልቂጤ ባለሱቅ «ሥራልኝ» ብሎ ገንዘብ ሲሰጠን፥ ያንኑ ነገር ለሌላ ሰው ለመሸጥ የምናስብ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ መዋዋል ይገባናል። «ጋሼ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም» ማለት ደግ ነው፤ ነገር ግን የመብት ማስተላለፍና ፈቃድ በጽሑፍ እንዲሆን የሚጠይቀው ሕጉ ራሱ ነው። በፈቃዱም ላይ በስንት ኮምፒዩተር እንደሚጫን፥ ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚሰጥ፥ ሱቁ ቢሸጥ ፈቃዱ ለአዲሱ ባለቤት ያልፍ እንደ ሆነ ይጻፍ።

የተሸካሚውም ፕሮግራም ፈቃድ መነበብ አለበት። ዎርድፕሬስ የሚሠራጨው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው፤ በእርሱ ላይ የተቀጠለውን ሥራ በዚሁ ፈቃድ መሸጥ ይቻላል፥ ገዢውም መልሶ ለሌላ ቢያድለው አይከለከልም። ስለዚህ በዚያ መስክ የሚነግዱት ገንዘብ የሚጠይቁት አብዛኛውን ለማሻሻያና ለእርዳታ ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ። በኤክሴል ማክሮ ላይ የሚደረገው የይለፍ ቃል የሣር አጥር ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ይፈርሳል። የተሻለው መንገድ የገዢውን ስምና የፈቃዱን ዘመን በአንድ አጭር ፋይል ጽፎ በምሥጢር ቁልፍ መፈረም ነው፤ ተቀጥላው ፊርማውን በይፋው ቁልፍ ያረጋግጣል። የምሥጢሩ ቁልፍ ከእኛ እጅ ስለማይወጣ ሌላ ሰው ሐሰተኛ ፈቃድ ሊያትም አይችልም። ፋይሉ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ስለሚደርስ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። እርግጥ ነው፥ ኮዱን ከፍቶ ማረጋገጫውን የሚቆርጥ ብርቱ ሰው አይታጣም። ፈቃዱን ከሃርድ ዲስክ ጋር ማሰርን ግን አንወድም። ኮምፒዩተር በታመመ ቁጥር ፎርማት ይደረጋል፥ ዲስኩም ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ይታገዳል፥ የተሰበረውን ቅጂ የያዘው ግን እንደ ልቡ ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ ለአካባቢያችን የሚቀርበው የጉራጌኛ ፊደል ነው። ዩኒኮድ የሰባት ቤት ፊደላትን እ.ኤ.አ. በ2005፥ ለጉራጌኛ የተጨመሩትን 28 ፊደላት ደግሞ በ2021 ተቀብሏል። እነዚህን የሚጽፍ የቁልፍ ሰሌዳ ሠርቶ ለመሸጥ ያሰበ ተማሪ ከባዶ አይነሣም፤ ቀድሞ ይሸጥ የነበረው ኪይማን ዛሬ ኮዱ ክፍት ሆኗልና። አቢሲኒካ የሚባለው የፊደል ቅርጽም በክፍት የፊደል ፈቃድ የወጣ ነው። ይህ ፈቃድ ቅርጹን ከሌላ ፕሮግራም ጋር አያይዞ መሸጥን ይፈቅዳል፥ ለብቻው መሸጥን ይከለክላል፤ አሻሽለን ብናወጣውም በዚያው ፈቃድ ሥር ይቆያል። እንግዲህ ዋጋ የሚቆረጥለት ተማሪው በራሱ የጻፈው፥ የቃላት ማረሚያውም ይሁን ሌላው፥ ያ ክፍል ነው፤ የፈቃዱ ፋይል የሚፈረመውም በእርሱ ላይ ነው።