«አንብብ» አትበይው

ጋሼ ዕድሜያቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እሷ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ናት፤ ዘንድሮ የትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍትም ተደርቦባታል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠየቀቻቸው።

እሷ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ «ልብ ወለድ ስጪን» ሲሉኝ እጄ የሚሄደው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው። ውፍረቱን ያዩና ይመልሱልኛል። ብዙ ያልተወራላቸውን፣ ለዕድሜያቸው የሚሆኑትን ይዘርዝሩልኝ።

ጋሼ፦ ዝርዝሩን ምን ታደርጊዋለሽ?

እሷ፦ በሩ ላይ እለጥፈዋለኋ!

ጋሼ፦ እንግዲያው አልሰጥሽም። እኔም ለጥፌ አይቼዋለሁ። አንድ ዓመት ደግሞ ከመለጠፍ የባሰ ሠራሁ፤ «አደፍርስ»ን ለስምንተኛ ክፍል አዘዝኩ። ዳኛቸው ወርቁን እኔ ስለምወደው እነሱም የሚወዱት መሰለኝ። አንዱ ልጅ የታላቅ ወንድሙን ማጠቃለያ ገልብጦ መጣ፣ ክፍሉ በሙሉ ከሱ ገለበጠ። የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ዓይነት ነበር። ልጆቹን ተቆጣሁ እንጂ ጥፋቱ የኔ ነበር።

እሷ፦ ታዲያ በምን ልጀምር?

ጋሼ፦ በልጁ። እስቲ አንድ የማያነብ ልጅ ንገሪኝ።

እሷ፦ ኧረ ሞልተዋል። አንዱ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ስልኩ ላይ የወንጀል ፊልም ብቻ ነው የሚያየው። ማን ገደለ፣ ማን ሰረቀ…

ጋሼ፦ (ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጡ።) ይኸውልሽ። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ»። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ለንደን ታተመ። በጉራጌ አገር የአንድ ሰው ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል። ማን አቃጠለው? ፖሊስ የለ፣ መርማሪ የለ። ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አፈርሳታ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?

እሷ፦ አውጫጭኝ አይደል?

ጋሼ፦ እሱ ነው። ያየም፣ የሰማም፣ የጠረጠረም እስኪናገር ሰው ከስብሰባው አይቀርም። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጠብቃል። ያ የፊልም ልጅሽ የለመደው አንድ ብልህ መርማሪ ሁሉን ሲፈታ ነው። እዚህ ግን መርማሪውም ተጠርጣሪውም አገሩ ነው። ጎረቤትሽን ታውቂዋለሽ፣ ግን ትናገሪበታለሽ ወይ? አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህ ጥያቄ በደንብ ይገባዋል፤ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ማን ወረወረ ሲባል በየቀኑ ይፈተንበታል።

እሷ፦ እንግሊዝኛው አይከብዳቸውም?

ጋሼ፦ ዓረፍተ ነገሩ አጫጭር ነው። የሚያወራው ስለ እንሰትና ስለ ጎጆ ስለሆነ ደግሞ ነገሩን አስቀድመው ያውቁታል። የእንግሊዝኛ መምህራቸውንም ጎትተሽ አስገቢበት፤ አንቺ አውጫጭኙን ታስረጃለሽ፣ እሱ ቋንቋውን።

እሷ፦ በአማርኛስ?

ጋሼ፦ «ጦቢያ»። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ፈተና ላይ «የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ማን ይባላል?» ተብሎ ይመጣል፣ ልጁ ያከብብና ያልፋል። ገልጦ ያነበበው ስንቱ ነው? ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ እኔና አንቺ «ልብ ወለድ» የምንለው ስም ከዚያ የመጣ ነው።

እሷ፦ ጋሼ፣ የ1900 አማርኛ ለሰባተኛ ክፍል? እኔንም ያደናቅፈኛል።

ጋሼ፦ ለብቻው ያንብብ ብትይው ትክክል ነሽ፣ ይጥለዋል። አንቺ ግን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢለት። ዓይናቸው የሚፈራውን አማርኛ ጆሯቸው አይፈራውም፤ አያታቸው ቤት ሰምተውታል። ነገሩን ደግሞ እይው። አባት በጦርነት ተማርኮ ባሪያ ሆነ። አንድ የማያውቀው ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ አወጣው፣ ብድርም ሳይጠይቅ መንገዱን ቀጠለ። ልጁ ዋሕድ ያን ደግ ሰው ፈልጎ ውለታ ለመመለስ ሲወጣ እሱው በተራው ተይዞ ተሸጠ። አሁን እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ወጣች። እዚህ ላይ ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ?

እሷ፦ እቀጥላለሁ።

ጋሼ፦ የለም! መጽሐፉን ትዘጊዋለሽ። ደወሉ ባይደወልም ትዘጊዋለሽ። «ወንድ አለመሆኗ ይታወቅባት ይሆን?» የሚል ልጅ ሲመጣ ያን ጊዜ አውሺው። ክፍሉ በሙሉ አይመጣም፤ ሦስት ከመጡልሽ ሦስቱ ለሌላው ይነግሩታል።

እሷ፦ አፈወርቅ በወረራው ጊዜ ከጣልያን ጎን አልነበረም? አንድ ተማሪ ቢጠይቀኝስ?

ጋሼ፦ ነበረ። ቢጠይቅሽ አትደብቂው፣ ንገሪው። እንዲያውም ያን ቀን ክርክር ይነሣልሽና ትምህርቱ ራሱን ያስተምርልሻል።

እሷ፦ አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ወንድሟ ውጭ አገር ተምሮ ተመልሶ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጧል። እሷ ብዙም አትናገርም።

ጋሼ፦ (ዝም ብለው ቆዩ።) የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»። በ1941 ዓ.ም. ነው የታተመው። ፈረንሳይ አገር ተምሮ አገሬን እጠቅማለሁ ብሎ የተመለሰ ወጣት ነው፤ ቢሮው እንደጠበቀው አልሆነለትም። ለእሷ ግን «ወንድምሽን ይመስላል» ብለሽ አትስጫት። ዝም ብለሽ ስጫት።

እሷ፦ ረጅም ነው?

ጋሼ፦ ረዘም ይላል። ካስፈራት የብላቴን ጌታ ሕሩይን «አዲስ ዓለም» አስቀድሚላት፣ የ1925 ነው፣ አጭር። እዚያም አውሮፓ ተምሮ የመጣው ልጅ አባቱ ሲሞት በተዝካሩ ከዘመዱ ጋር ይጋጫል። ድግስ ወይስ ለድሃ? ይህ ክርክር እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ፤ ለቅሶ ቤት የሄደ ልጅ ሁሉ ሰምቶታል። እኔ እንደ ልብ ወለድ ብዙ አላደንቀውም፣ ስብከት ይበዛበታል። የተዝካሩ ነገር ግን ይያዛል።

እሷ፦ ከበዓሉ ግርማስ? «ኦሮማይ»ን ይጠይቁኛል።

ጋሼ፦ ይደርሱበታል። ከዚያ በፊት «የሕሊና ደወል»ን ፈልጊ። ገጠር የወረደ ወጣት መምህር ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚለፋበት ነው፤ ኋላ «ሀዲስ» ብሎ ደግሞ ጻፈው። ልጆች ስለ አስተማሪ ማንበብ ይወዳሉ፣ አንቺን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል።

እሷ፦ «ከቡስካ በስተጀርባ»?

ጋሼ፦ የፍቅረ ማርቆስን? ለአሥረኛ ክፍል አቆይው።

እሷ፦ እሺ፤ ግን እነዚህን ከየት ላምጣ? ከመጽሐፍ መደብር አብዛኞቹ የሉም።

ጋሼ፦ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ ሂጂ። ስልክሽን ተዪላቸው፣ ያስቀምጡልሻል። አንድ ቅጂ ካገኘሽ በቂ ነው። ለአርባ ተማሪ አርባ ቅጂ የሚያስፈልገው ስታዢ ነው፤ ስታነቢላቸው አንድ ይበቃል። ወመዘክርም ገብተሽ ማንበብ ትችያለሽ፣ አስቀድመሽ አንቺ ሳታነቢው ግን ለማንም አታውሺ።

እሷ፦ (ቀጭኑን መጽሐፍ አገላብጣ አየችው።) ይህን ዛሬ ልውሰደው? ጎጆውን ማን እንዳቃጠለው ግን አሁን ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ቡናሽን ጠጪ።

እሷ፦ ጋሼ!

ጋሼ፦ ያለኝ አንድ ቅጂ ነው። ታክሲ ላይ እንዳትረሺው።