ትከሻው እንዳይቀልጥ

ቆይማ፣ ኤክስፖርት አትበለው ገና! ታይምላይኑን 24 አድርግ ያለህ ማነው? የሲኒማ መልክ ይሰጣል ሲሉ ሰምተህ ነው አይደል? ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሲኒማ ሠሪዎቹ ሲቀርጹም በ24 ነው። አንተ በ30 የቀረጽከውን 24 ውስጥ ስትከተው ኮምፒውተሩ ከየአምስቱ ፍሬም አንዱን አውጥቶ ይጥላል። የምታተርፈው የሚንገጫገጭ ሠርግ ነው።

እስቲ እስክስታው ጋ ተመለስ። ልጅቷ ትከሻዋን ስትሰብቅ አቁመው፤ አሁን በቀስቷ ቁልፍ አንድ አንድ ፍሬም ሂድ። አየህ? እዚህ ጋ ሁለት ትከሻ አላት፣ አንዱ እንደ ጥላ የሳሳ። ይሄ የፍሬም ብሌንዲንግ ሥራ ነው፤ ሁለት ፍሬም ደርቦ አንድ ያደርጋል። ኦፕቲካል ፍሎውን ደግሞ ሞክረው። እሱ የሌለውን ፍሬም ከጎረቤቶቹ ገምቶ ራሱ ይፈጥራል። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ቀስ ብላ ስትራመድ ሸጋ አድርጎ ይሠራዋል፤ እኔም እዚያ ላይ እጠቀምበታለሁ። እስክስታ ላይ ግን አትመነው። እንቅስቃሴው ከፈጠነ የትኛው ነጥብ ወዴት እንደሄደ ይጠፋበታል፤ ማተቡ ከቀሚሱ ጥለት ይቀላቀላል፣ ትከሻው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ጭፈራውን ለብቻው ቆርጠህ፣ የምታቀናብረው ፕሪሚየር ላይ ከሆነ ፍሬም ሳምፕሊንግ፣ ሪዞልቭ ላይ ከሆነ ኒረስት በለው። ትንሽ ይዘል ይሆናል፣ እያንዳንዱ ፍሬም ግን ንጹሕ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው አለመለወጥ ነው። ዋናው ካሜራህ ጭፈራውን በ25 ከቀረጸ ታይምላይኑም 25 ይሁን፤ የሚዜው ስልክ በ30 ስለቀረጸ ሌላው ሁሉ ለሱ አይጎተት። አሜሪካ ያሉት ዘመዶች 30 ይፈልጋሉ ያልከኝ የካሴት ዘመን ጣጣ ነው። ያኔ የኛ ፓል ካሴት እነሱ ማጫወቻ ላይ አይሠራም ነበር። ዛሬ ዩቲዩብ 24ም 25ም 30ም 50ም 60ም ይቀበላል፣ ስልካቸውም ያጫውተዋል። የግድ መቀነስ ካለብህ እኩል የሚካፈለውን ምረጥ፦ ከ50 ወደ 25፣ ከ60 ወደ 30። አንዱን ይዞ አንዱን ስለሚተው እርምጃው አይዛነፍም። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ልጆቹ ውኃው ውስጥ ሲዘሉ በ60 የቀረጽካት ቪዲዮ ደግሞ 25 ላይ ቀስ ብላ ትሂድልህ። አንድም ፍሬም አይጣል፣ አንድም አይፈጠር፤ ፍጥነቷ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል። ድምፁን ግን አውጣው።

የስልኩን ፋይል እንዲሁ እንዳታስገባው! ስልክ 30 ነኝ ይልሃል እንጂ ዳሱ ሲጨልምበት ፍሬሙን ይቀንሳል፣ ብርሃን ሲያገኝ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ አዝማሪው አፉና ድምፁ ይገጥማል፤ ሃያ ደቂቃ ቆይተህ ስታይ የማሲንቆው ድምፅ ቀድሞ ደጋኑ ኋላ ቀርቷል። ሃንድብሬክ የሚባለው መለወጫ ፕሮግራም በነጻ ነው፤ ክፈተውና ፍሬም ሬቱን 30፣ ኮንስታንት አድርገው፤ የጥራቱን ቁጥር ወደ 16 አውርድ (እዚያ ላይ ትንሹ ቁጥር ነው የተሻለው)። ፋይሉ ይተልቃል፣ ይተልቅ። ከዚያ በኋላ ነው ታይምላይን ላይ የሚቀመጠው።

ይቺ በዳሱ ምስል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄደው ጥቁር መስመር ግን የለውጥ ጥፋት አይደለችም፣ ብትለውጣትም አትሄድም። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። በ30 ስትቀርጽ ስልኩ ሸተሩን 1/60 አድርጎት ነው። 1/50 ወይም 1/100 ቢሆን ኖሮ አትታይም ነበር። 25 የምልህ ለዚህም ነው።

በቴሌግራም የመጣልህን ቪዲዮ አትቀበል። እንደ ቪዲዮ ሲላክ ተጨምቆ ነው የሚደርስህ፤ የተጨመቀውን እንደገና ስትለውጠው የባሰ ይጎዳል። ላኪውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በለው፣ ወይም እሱ ጋ ሳንጃ ድረስ ፍላሽ ይዘህ ሂድና ገልብጥ። የአባባን የድሮ ሠርግ ካሴት ስትገለብጥም እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ግማሽ ምስል የያዘ ነውና ስትፈታው ወደ 50 ፍታው፣ ወደ 25 አይደለም። 25 ካደረግከው የጭፈራው ግማሽ እዚያው ይቀርብሃል።

ለሚመጣው ሠርግ ከመነሳትህ በፊት የሁሉንም ካሜራ 25፣ ሸተሩን 1/50 አድርገው። የሚዜው አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የካሜራው ቪዲዮ ጋ ፓል የሚለውን ቢያበራ 25 ይመጣለታል። አሁን ታይምላይኑን እንደ አዲስ ክፈት፤ ሪዞልቭ አንዴ ቪዲዮ ካስገባህ በኋላ የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት አያስቀይርህም። ላፕቶፑንም ቻርጅ ላይ ሰካው፣ መብራት ሳይሄድ።