በቆላ የለመደ ሞተር በደጋ ስለ ምን አልነሣም ይላል?

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን የሚገባ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ከቆላ ወደ ውርጭ አገር ይሸጋገራል። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰውስ ጋቢውን ደርቦ ይችለዋል፤ ሞተር ግን ጋቢ የለውም። ሮቢት ላይ ቁልፉ እንደ ተነካ የሚነሣው መኪና ደብረ ብርሃን አድሮ በማግሥቱ እንቢ ሲል ብዙ ጊዜ የሚታየው ስለዚህ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የነገሩን ምክንያት በፊዚክስ ትምህርታችን በኩል ለመግለጽ እሞክራለሁ። በተለይ የምናገረው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው የሞተር ኮምፒውተር ተበላሽቶ በምትኩ ሌላ ስለ ተገጠመለት መኪና ነው። እንዲህ ያለው ጥገና ወደ ፊት እየበዛ የሚሄድ ይመስለኛል፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ያሉት አሮጌ መኪኖች እየተጠገኑ መኖራቸው ግድ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቤንዚን በፈሳሽነቱ እንደማይነድ ነው። የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ሲደርሰው ቃጠሎው የተሟላ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ከሚረጨው ቤንዚን ብዙው ሳይተን በማስገቢያው ቧንቧና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ይለጠፋል። ካንዴላው እሳት ቢሰጥም የሚቀጣጠል እንፋሎት አያገኝም። ስለዚህ እንፋሎቱ እንዲበቃ ቤንዚኑን ማብዛት ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ቢበዛ ደግሞ ካንዴላዎቹ ርሰው እሳት መስጠት ያቆማሉ። የብርድ አነሣሥ ችግር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ መፈለግ ነው።

በድሮዎቹ መኪኖች ይህን የሚፈልገው ሾፌሩ ራሱ ነበር። የካርቡራቶሩን አየር በቾክ ያፍናል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፣ እንደ ሞቀ ሲያውቅ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የቦሽ ፋብሪካ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ሠርቶ በቮልክስዋገን መኪና ላይ ካዋለው ወዲህ ግን ሥራው ቀስ በቀስ ከሾፌሩ እጅ ወደ ኮምፒውተር ተላልፏል። ኮምፒውተሩ የሾፌሩ ጆሮ የለውም፤ የሚያውቀው በሽቦ የመጣለትን ብቻ ነው።

ታዲያ ኮምፒውተሩ በብርድ ጊዜ ምን ይሠራል? ቁልፉ ሲከፈት ቧንቧውን ለማርጠብ አንድ ጊዜ ጥቂት ቤንዚን ይረጫል። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያሽከረክር ከሙቀት ሠንጠረዥ ላይ አንብቦ ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ሞተሩ እንደ ተነሣ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጨማሪ ይሰጥና እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያም ሞተሩ ደኅና እስኪሞቅ ድረስ መጠነኛ ትርፍ ያቆይለታል። አራቱም ሥራዎች የተንጠለጠሉት «ሞተሩ ስንት ዲግሪ ነው?» በሚለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ለዚህም መልስ የሚሰጠው በሞተሩ ውሃ ውስጥ የተሰካው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጠው የሙቀት ሴንሰር ነው።

ይህ ሴንሰር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጨምር ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንዱን የቦሽ ሴንሰር በትምህርት ቤታችን መልቲሜትር ለክተነዋል። በረዶውን ከጁስ ቤት ለምነን አመጣን። በበረዶ ውሃ ውስጥ ወደ 5900 ኦም አሳየን፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ወደ 200 ወረደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ሮቢት ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ የሚወስድ ሰው ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ያለ ጥፋቱ ሊጥለው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሴንሰር ፋብሪካዎች በአንድ ቁጥር አይስማሙም። በ80 ዲግሪ የቦሽ ሴንሰር 323 ኦም ሲሆን የጄኔራል ሞተርስ 332 ነው፤ ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። በ10 ዲግሪ ግን የቦሹ 3792፣ የጄኔራል ሞተርስ 5670 ነው! ሁለቱ በሙቅ ይስማሙና በብርድ ይለያያሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ አሜሪካውያን ያወጡት፣ ባለቤቱ ራሱ ገጣጥሞ የሚያስተካክለው ሜጋስኩዊርት የተባለ ኮምፒውተር ቁጥር ካልተለወጠለት በስተቀር ሴንሰሩን የጄኔራል ሞተርስ አድርጎ ያነበዋል።

አጎቴ በሚሠራበት ጋራዥ የመጣ አንድ የቤንዚን ፒክአፕ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የተገጠመለት፣ ሴንሰሩ ግን የቦሽ የሆነ ነበር። ባለቤቱ ቲማቲምና ማንጎ ጭነው ማታ ደብረ ብርሃን ይገባሉ፤ ጠዋት ሸጠው ይመለሳሉ። መኪናው ማለዳ አልነሣ እያለ ገበያው ያልፋቸዋል። ቲማቲም ደግሞ አይጠብቅም። ሌላ ቦታ ያዩት ሰው ኮምፒውተሩ እንደገና ይቀየር ብሏቸው በሬያቸውን ለመሸጥ አስበው ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ በሬውን አይንኩት» አላቸው አጎቴ። «መጀመሪያ ምን ያህል ብርድ እንደሚሰማው እንጠይቀው።»

ስሌቱን ከእሱ ጋር ሠራነው። ሞተሩ በእውነት 2 ዲግሪ ሲሆን ሴንሰሩ ወደ 5400 ኦም ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ ይህን በራሱ ሠንጠረዥ አንብቦ 11 ዲግሪ ነው ይላል። ለ11 ዲግሪ የሚበቃ ቤንዚን ለ2 ዲግሪ አይበቃም። ሮቢት ላይ በ25 ዲግሪ ጠዋት 32 ነው ብሎ ይሳሳታል፤ በዚያ ሙቀት ግን ስሕተቱን ማንም አያውቅበትም። ሦስት የሙቀትና የኦም ቁጥሮች በላፕቶፕ ሲገቡለት ሴንሰሩ እውነቱን መናገር ጀመረ። ወጪው የኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ለብርቱ ብርድ የተመደቡት የሠንጠረዡ ቁጥሮች ሮቢት ላይ በሥራ ተፈትነው አያውቁም፤ ሞተሩ እዚህ አገር እንዲያ ሆኖ አድሮ አያውቅምና። በግምት የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ በገና ዕረፍት ሦስት ሌሊት መኪናውን ደብረ ብርሃን አሳደርነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከተነሣ እንደገና እስኪበርድ ሌሊቱን ስለሚፈልግ ፈተናው በቀን አንድ ብቻ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው አይሞክረው። በመጀመሪያው ማለዳ ተነሥቶ ወዲያው ጠፋ፤ ከተነሣ በኋላ ያለውን ትርፍ ብቻ ጨመርን። በሁለተኛው ማለዳ ቆመ፣ ነገር ግን ተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው በሁለት ሴኮንድ ተነሣ። በየቀኑ አንድ ቁጥር ብቻ እንለውጥ ነበር፤ ሁለት ከተለወጠ የትኛው እንደ ረዳ አይታወቅም።

ቁጥር ከመንካት በፊት ግን ባትሪውንና ዘይቱን ማየት ይገባል። ባትሪ በዜሮ ዲግሪ ኀይሉ በሙቅ ቀን ከነበረው ወደ 65 በመቶ ይወርዳል፤ በዚያው ሰዓት ዘይቱ ወፍሮ ሞተሪኖውን ይይዘዋል። በዘይት ጣሳ ላይ ካለው ቁጥር ቀጥሎ የሚጻፈው የፈረንጅ ፊደል «ክረምት» ማለት ነው። በእኛ አገር ውርጩ የሚወርደው በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ሆነ ቃሉ እንዳያሳስተን።

መኪናው ናፍጣ ሲሆን ሕጉ ሌላ ነው። ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አፍኖ በማሞቅ ያቀጣጥላል። ሲሊንደሩ አየሩን 18 ጊዜ ቢያጥፈው፣ የሚባክነውን ሙቀት በግምት ይዤ እንዳሰላሁት በ25 ዲግሪ የገባ አየር ወደ 435 ዲግሪ ሲደርስ በ3 ዲግሪ የገባው ወደ 385 ብቻ ይደርሳል። የ22 ዲግሪ ልዩነት 50 ሆነ ማለት ነው። ካንዴሌታ የሚባለው ማሞቂያ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሾፌሮች በችግር ጊዜ የሚያደርጓቸውን ሁለት ነገሮች አጎቴ አጥብቆ ይቃወማል፤ እኔም እስማማለሁ። አንደኛው በአየር ማስገቢያው ቤንዚን ማፍሰስ ነው፤ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ፊትን ይለበልባል። ሁለተኛው በቁልቁለት ለቅቆ በግፊ ማስነሣት ነው። ሞተሩ ካልተነሣ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ ኀይል አይኖርም፤ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ካንዴላው በቤንዚን ከራሰ ግን በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሪኖውን ማሽከርከር ቤንዚኑን ዘግቶ ሲሊንደሩን ያደርቀዋል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በይፋት ቆላ ሞተር እንዳይግል ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች ብዙ ናቸው፤ የዚህ ፒክአፕም ወጥቶ ነበር። ያለ እሱ ውሃው በደጋ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ብርድ ላይ ነው ብሎ ትርፍ ቤንዚን ሲሰጥ ይውላል። አጎቴ ከመደርደሪያው አዲስ አውጥቶ መለሰለት። በሚቀጥለው ጉዞ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሳነበው ሙቀቱ 82 ዲግሪ ላይ ቆሞ ነበር።