የክራር ፒክአፕ ማምረት በወልቂጤና በቡታጅራ፦ የአነስተኛ ምርት የገንዘብ ዑደት ፈተና

የባህል ሙዚቃ መሣሪያን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የማዋሐድ ፍላጎት ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እንግዳ አርቲስት በነበሩበት ወቅት፣ ለተቋሙ ሚዲያ ላብ ዘመናዊ ክራር ስለሚሠራበት መንገድ ምክር ሰጥተዋል። ይሁንና ናሙና መሥራትና ምርት ሸጦ መተዳደር የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ የክራርን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ፒክአፕና ምልክቱን የሚያጎላ ቅድመ ማጉያ ለማምረት የሚነሣ አነስተኛ ድርጅት የሚገጥመውን የንግድ ፈተና ይመረምራል።

የመጀመሪያው ፈተና የምርት ብዛት ነው። የንድፍና የሙከራ ወጪ አንድ መሣሪያ ቢሸጥም መቶ ቢሸጥም ብዙ አይለወጥም። ለአብነት ያህል ቋሚው ወጪ 60,000 ብር ነው ቢባል፣ 20 መሣሪያ የሚሸጥ አምራች በእያንዳንዱ ላይ 3,000 ብር ሲጭን፣ 200 የሚሸጠው ግን 300 ብር ብቻ ይጭናል። ችግሩ በታላላቆቹም ዘንድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ሲንተሳይዘር በዐሥር ዓመት ገደማ የተሸጠው 12,000 ያህል ሲሆን፣ በ1983 የቀረበው ያማሃ ዲኤክስ7 ከ150,000 በላይ ተሸጧል። ፕሮፌት 5 የተባለውን ዝነኛ መሣሪያ የሠራው ሲኩዌንሻል ሰርኪትስም በ1987 በያማሃ ተገዝቷል። ዝና ብቻውን አነስተኛ አምራችን አያድንም።

ሁለተኛው ፈተና የገንዘብ ዑደት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ከውጭ ስለሚገቡ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓት ለውጥ ወዲህ የብር ዋጋ መውረድ የግዢ ወጪያቸውን አንሮታል፤ ገንዘቡም ምርቱ እስኪሸጥ ድረስ ታስሮ ይቆያል። በጉራጌ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀው ዕቁብ ያለ ወለድና ያለ መያዣ ካፒታል ያስገኛል። ነገር ግን መዋጮው ገበያ ቢኖርም ባይኖርም በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይከፈላል። ስለዚህ ዕቁብ ቶሎ ለሚሸጥ ሸቀጥ የሚመች ቢሆንም፣ ወራት የሚወስድ የምርት ልማትን ብቻውን ሊሸከም አይችልም።

መውጫው ሁለቱን ማጣመር ነው። የማጉያና የኪቦርድ ጥገና የዕቁቡን መዋጮ ሲሸፍን፣ የዕቁቡ ዕጣ ደግሞ ለክፍሎች ግዢ ይውላል፤ ምርቱም ቀብድ በተከፈለበት ትእዛዝ ብቻ ይሠራል። ድርጅቱ ከውጭ አስመጪ የሚበልጠውም በዚሁ ነው፦ ለዐሥራ ሁለት እኩል ድምፆች የተዘጋጀ ኪቦርድ የአንቺሆዬን ቅኝት በትክክል አይሰጥም፤ ክራር ግን እንደ ደርዳሪው ጆሮ ይቃኛል፣ ፒክአፑም ቅኝቱን ሳይለውጥ ያደርሳል።

የፈጠራ ጥበቃም መዘንጋት የለበትም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ የአምስት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ለሌላ አምስት ዓመትም ሊታደስ ይችላል። ምርቱ ለሕዝብ ከመታወቁ በፊት ማመልከት ግን ያስፈልጋል።

ከዚህ በመነሣት፣ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲና በመሰል ተቋማት የሚካሄድ የምርቃት ፕሮጀክት ከሰርኪዩቱ ንድፍ አስቀድሞ ቀብድ ለመክፈል የተዘጋጁ ደርዳሪዎችን ቢቆጥር፣ ናሙናው በመደርደሪያ ላይ ከመቅረት ይድናል።